የሚሮጠው ደሙ ነው ወይ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን የማፍታታው ለራሴ ብዬ ነው። ድሮ ለሰው ብዬ ነበር። አሰልጣኝ ቀድሞ ሜዳው ላይ ካልተገኘ ልጆቹ ማሟሟቂያውን ይዘሉታል፤ ማሟሟቂያ የዘለለ ልጅ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወጌሻ ቤት ነው የሚገኘው። የአንድ ትንሽ የአትሌቲክስ ክለብ አሰልጣኝ ነበርኩ። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ጫካና በእንጦጦ ዳገት ላይ ልጆች ሳሮጥ ኖሬ እዚያው ፀጉሬ ሸበተ። ደመወዙን አትጠይቁኝ። ክለቡ ትንሽ ነበር፣ ደመወዙም በክለቡ ልክ።

ስሜ አስካለ ነው። ራሴም ሮጫለሁ። ጎበዝ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ የሚያሸንፉትን ሴቶች ከፊታቸው ይልቅ በጀርባቸው ነበር የማውቃቸው። በአሰልጣኝነት ግን ጎበዝ ነበርኩ። ይህን ለመናገር አላፍርም፤ ያሳደግኳቸው ልጆች ይመሰክሩልኛል።

ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሰርግ ላይም ያው ነው። «እስቲ አንቺ ስታውቂው፣ ሩጫው ደማችን ውስጥ ነው አይደል?» አጠያየቃቸው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከኔ የሚፈልጉት ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ። ነገር ግን መልሱ ውስጥ ሰዎች አሉበት፤ እነሱን ሳላስተዋውቅ ብናገረው ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደበላ ናቸው። የየካ ተራራ ልጅ ነበሩ። ቤተሰባቸው ገብስና ባቄላ ያርስበት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገሩ ነበር፤ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በኦሮምኛ። ቀላል ሩጫ በታዘዘበት ቀን ልጆቹ እልህ ተጋብተው ሲፈጥኑ «ሱታ! ሱታ!» እያሉ ከዛፎቹ መሐል ይጮሁባቸዋል፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ከየትኛውም አገር የመጣ ልጅ እኛ ክለብ ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው የኦሮምኛ ቃል ሱታ ነበር።

ሌላው አሰልጣኝ ሰዓቱን ጨብጦ መንገዱ ላይ አፍጥጦ ይቆማል። ጋሽ ደበላ ግን ለሯጮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ኩርባው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆሙ ነበር። መጀመሪያ ሳያቸው የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሯጭ ሳያዩ እንዴት ያሠለጥናሉ?»

«ዓይን ይዋሻል አስኩ» አሉኝ። «መልኩን ታይና ትወጂዋለሽ፣ ቁመቱን ታይና ትጠይዋለሽ። ጆሮ ግን እግሩን ብቻ ነው የሚሰማው። ነይ፣ ዙሪና አዳምጪ።»

ዞሬ አዳመጥኩ። ለወራት ሁሉም ኮቴ አንድ ሆኖ ነበር የሚሰማኝ። ቀስ በቀስ ግን ለየሁት። የደከመ ሰው እግሩን ይጥለዋል፤ መሬቱ ጥፍ ይላል። ያልደከመ ሰው እግሩን ያነሳዋል፤ የምትሰሚው ደረቁ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው። አንድ እግሩ ከሌላው ዘግይቶ የሚያርፍ ሰው ደግሞ አንድ የደበቀው ሕመም አለው። ልምምድ ካለቀ በኋላም ጋሽ ደበላ የልጆቹን ጫማ እየገለበጡ ሶሉ የት ጋ እንደተበላ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ጭቃ ነው፣ ይሸታል አይሉም።

የትውልድ አገር ግን ጠይቀው አያውቁም። አንዴ አንዲት ልጅ ሯጭ በብዛት ከሚወጣበት ወረዳ መጥታ፣ ገና ሳትጠየቅ «እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ» አለቻቸው ኮራ ብላ። «ጥሩ ነው የኔ ልጅ» አሏት። «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?»

ዮናታን የሚባለው ልጅ የመጣው ጋሽ ደበላ ጡረታ ሊወጡ በተቃረቡበት ጊዜ ነው። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ የእሱን ያህል የቆጨኝ የለም።

አባቱ በዘመኑ አገር ያወቀው ሯጭ ነበር፤ ስሙን እዚህ አላነሳም። ልጁ ቁርጥ አባቱን ነበር፤ ያው ደረት፣ ያው አንገት ወደ ግራ ዘንበል የማለት ነገር። የመጣ ቀን የያኔው ኃላፊያችን ቢሮ ጠርተውን እጃቸውን እያፋተጉ «ዘር ከልጓም ይስባል!» አሉን። «ይህን ልጅ ማሠልጠን አያስፈልግም፤ መልቀቅ ብቻ ነው።»

ልጁ በእርግጥም ጎበዝ ነበር። ጨዋም ነበር፤ የሴቶቹን ቦርሳ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወርደው እሱ ነው። ነገር ግን ከመጣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ጋሽ ደበላ ኩርባው ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ግራው ይዘገያል» አሉኝ።

እኔም ሰምቼዋለሁ። ጠርተው ጫማውን ገለበጡት፤ የቀኙ ሶል ተበልቷል፣ የግራው አዲስ ነው። ቅልጥሙን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ልጁ አልጮኸም፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ።

«ያምሃል?»

«አያመኝም አባባ።»

ጋሽ ደበላ ቢሮ ገብተው ልጁ ማረፍ አለበት፣ ሐኪም ይየው አሉ። ኃላፊው ሳቁ። አባቱ እግሩ ተሰንጥቆ ሮጦ አሸንፏል የሚል ወሬ ነበር፤ እውነት ይሁን ተረት አላውቅም፣ በዚያ ቢሮ ግን እንደ ወንጌል ነበር የሚታመነው። በማግሥቱ እኔም ገባሁ። «ጌታዬ፣ ልጁ የሚሰበር አጥንት ነው ያለው» አልኳቸው። «አስካለ» አሉኝ፣ «አንቺ የአንበሳ ልጅ ሣር እንዲግጥ ትፈልጊያለሽ።» ቡድኑ የሚመረጥበት ውድድር ቀርቦ ነበር። እሳቸው አዘዙ፤ ሥልጣኑም የሳቸው ነበር።

እንዳይሮጥ የለመንኩት ራሱን ዮናታንን ጭምር ነው። ከላይ ከጫካው ስንወርድ ወደ ኋላ አስቀርቼ «በሽታ ጀመረኝ በልና ቅር፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ» አልኩት።

«አሰልጣኝ፣ ሰው እኔን አይቶ አያውቅም እኮ» አለኝ። «የሚያዩት አባዬን ነው። ከቀረሁ፣ ‹ደሙ የለበትም› ይሉኛል። ከዚያ እኔ ምንድነኝ?»

ሮጠ። ሲመራ ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ፣ እኛ ከቆምንበት ፊት ለፊት፣ እግሩ ከሥሩ ከዳው። ድምፁን ሰምተነዋል፤ ስለ እሱ ሌላ አልጽፍም። ሆስፒታል ስንገባ እግሩ ታሽጎ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጋሽ ደበላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ ቢሆን አይሰበርም ነበር፣ አይደል?» አላቸው።

«አባትህም ያለው አጥንት ነው ልጄ» አሉት። ከዚያም ጋሽ ደበላ ጤነኛውን እግሩን ይዘው ያሹለት ጀመር።

አጥንቱ ገጠመ። ልጁ ግን ወደ ሜዳ አልተመለሰም። ብናስጠራው አልመጣም፤ ስልኩን ቀየረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለለቅሶ ወደ ሰሜን ልሄድ ላምበረት መናኸሪያ ገብቼ፣ ተሳፋሪ እየገፋኝ ሳለሁ «አሰልጣኝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የትልቅ አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ መሪው ላይ ተቀምጧል። ወፍሯል፤ አምሮበታል። ከጎኑ አስቀመጠኝ። መንገድ ላይ ሩጫ አንስቼበት አልነበረም፤ ራሱ ነው ያነሳው። «እዚህ መሪ ላይ ከአባዬ ጋር የሚያወዳድረኝ የለም» አለና ሳቀ። «አባዬ መኪና መንዳት አይችልም!» አብሬው ሳቅሁ። ከመኪናው ስወርድ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። በእጃችን ገብቶ ያጣነው ትልቁ ሯጭ እሱ ነበር።

ዮናታን በተሰበረበት ሰሞን ወደ ልምምድ ቦታችን ተመራማሪዎች መጡ፤ ከውጭም፣ ከአገር ውስጥም። የሯጮችን ምራቅ በትንንሽ ብልቃጥ ይሰበስባሉ፣ የባትን ውፍረት ይለካሉ፣ አያትሽ የት ተወለደች ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ ብልቃጥ ውስጥ መትፋት እያሳቃቸው ምራቅ አልወጣ ብሎ ተቸገሩ። ጋሽ ደበላም ተፍተው ሰጡ። ከዚያ የተመራማሪዎቹን ረዳት፣ ሂሩት የምትባል የኮተቤ ልጅ፣ ጠጋ ብለው ጠየቋት።

«የትኛው ልጅ እንደሚሮጥ፣ የትኛው እንደሚሰበር፣ ይህ ነገር ቀድሞ ይነግረናል?»

«እንጃ አባባ» አለቻቸው። «መልሱ ሲመጣ ግን እኔ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

እንዲህ ብሎ የሄደ ሰው ብዙ አይተናል። እሷ ግን መጣች። ዓመታት አልፈው ነበር፤ እሷ ዶክተር ሆናለች፣ ጋሽ ደበላ ጡረታ ወጥተው ከኮንዶሚኒየሙ ጥግ በቀረቻቸው ግቢ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለታችን አብረን ሄድን። እኔ «እርስዎ» ስላት «እትዬ አስካለ፣ በልጅነቴ ብልቃጥ ተሸክሜ አይተውኛል እኮ፤ አንቺ ይበሉኝ» ብላ አስተወችኝ።

«እሺ፣ ምን አገኛችሁ?» አሉ ጋሽ ደበላ።

«አላገኘንም» አለች። «ይህ ነው የረጅም ሩጫ ዘር ብሎ ጣቱን የሚቀስርበት ነገር ያገኘ ሰው እስካሁን የለም። በውርስ የሚመጣ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም አባባ። ቁመት ይወረሳል፣ የእግር ቅጥነት ይወረሳል፣ ልምምድ የሚቀበል ሰውነትም በከፊል ይወረሳል። ግን አንድ ነገር አይደለም፤ እጅግ ብዙ ትንንሽ ነገር ነው፤ በሁሉም ሕዝብ ውስጥ ተበትኖ ያለ። እዚህ አገር ውስጥ ደግሞ ሰው ከሰው ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ‹የእኛ ደም› ስንል የቱን ደም ነው የምንለው?»

ጋሽ ደበላ ደስ አላቸው። «እኔም እሱን እላለሁ! የአያቴ ዘር ይህን ተራራ ሞልቶት ነበር። ከዚያ ሁሉ የሮጥኩ እኔ ብቻ ነኝ። ደሙ የት ሄደ?»

ሂሩት ፈገግ አለች። «እሱ እንኳን ማስረጃ አይሆንልዎትም። ውርስ ካርታ እንደመበወዝ ነው፤ ለወንድምዎ የደረሰው ካርታ ለእርስዎ አልደረሰም። ወንድምዎ ስላልሮጡ ውርስ የለም ማለት አይቻልም።»

ሽማግሌው «ተሸነፍኩ» አሉና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው አዘገኗት። ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ግን ካርታውን ማንም ሳያየው ጨዋታው ይካሄዳል፣ አይደለም እንዴ?»

«አዎ» አለች። «እዚያ ላይ እርስዎ አሸነፉ።»

ጋሽ ደበላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ላይ ከየክልሉ የመጡ ልጆቻቸው ተራራውን ሞልተውት ነበር።

እኔ ዋና አሰልጣኝ ሆንኩ። አጁሉን ያገኘኋት በጆሮዬ ነው።

አንድ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ልምምድ ሊያልቅ ሲል ኩርባው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። የረጅም ርቀት ልጆች ደክሟቸዋል፤ ጥፍ ጥፍ ይላል መሬቱ። በመሐላቸው ግን ቅጠል ብቻ የሚነካ አንድ ኮቴ አለ። ከልጆቼ አንዷን ገመትኩና ላሞግሳት ዞርኩ። ያየሁት የአራት መቶ ሜትር ልጃችንን አጁሉን ነው። ቡድኗ ስለሰለቻት ብቻ ከረጅሞቹ ጋር ተቀላቅላ ዳገቱን ወጥታ ወርዳለች፤ ትንፋሿ ግን ቆማ ሰላምታ እንደምትሰጥ ሰው ነው።

አጁሉ በጋምቤላ ተወልዳ፣ አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ ሲዛወሩ በልጅነቷ አዲስ አበባ የመጣች የኮተቤ ልጅ ናት። ረጅም ናት። ክለባችን ስትገባ ማንም ምን መሮጥ ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቃትም። የቆላ ልጅ ናት፣ እግሯ ረጅም ነው፣ አጭር ርቀት ትሩጥ ተባለ፤ አለቀ።

«ለምንድነው አራት መቶ የምትሮጪው?» አልኳት።

«ሰጡኝ» አለች። «ከዚያ በፊትም ‹ባስኬት ትጫወቻለሽ?› ነበር የሚሉኝ። ጭራሽ ኳስ አልወድም።»

ሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል አስጀመርኳት። ትንፋሽም፣ ዝላይም፣ ዳገት የለመደ እግርም የሚፈልግ ሩጫ ነው። ባልደረቦቼ ገረማቸው፤ እኔ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለክለባችን ወጣት ቡድን ደረሰች።

በዚህ መሐል ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሰለሞን አንድ ነገር ይዘው መጡ። ወጣቶችን በምራቅ ምርመራ የሚለይ አገልግሎት ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ አግኝተዋል። ምርመራው ልጁን «የፍጥነት ዓይነት» ወይም «የጽናት ዓይነት» ብሎ ይለያል። ወጣት ቡድኑ ሊቀነስ ነበርና የሚቀረውን በዚህ እንለይ አሉ። አቶ ሰለሞን ክፉ ሰው አይደሉም። ስብሰባ ላይ ያሉትን አስታውሳለሁ። «ሁልጊዜ የሚወራብን ምንድነው? ዘመድ አስገቡ፣ የወንዛቸውን ልጅ አስገቡ ነው። ማሽን ወንዝ የለውም።»

የአጁሉ ውጤት «የፍጥነት ዓይነት» አለ። ወደ አራት መቶ ትመለስ ተባለ፤ የአራት መቶው ቦታ ደግሞ ሞልቷል። በጨዋ ቋንቋ ትባረር ማለት ነው።

ከቢሮው ይልቅ ያስፈራኝ የልጅቷ ነገር ነበር። ወሬውን በሰማች ማግሥት፣ ሁልጊዜ ሳትቆም የምትወጣው ዳገት መካከል ላይ ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መራመድ ጀመረች። ደረስኩባት።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ?»

«ሰውነቴ ለዚህ አልተሠራም፤ አሁን በሳይንስ ታወቀ» አለች። ዓይኔን አላየችኝም። «ድሮ ሰው ሲለኝ ሰው ነው እል ነበር። አሁን ምራቄ ራሱ ነገረኝ።»

ያን ጊዜ ዮናታን ትዝ አለኝ። አንዱን ‹ደሙ አለህ› ብለው ሰበሩት፤ ይችን ደግሞ ‹ደሙ የለሽም› ብለው ሊያስቆሟት ነው። በዮናታን ጊዜ ረዳት ነበርኩ። አሁን ግን ዋናዋ እኔ ነኝ። እዚያው ዳገቱ ላይ ቆሜ ለዶክተር ሂሩት ደወልኩ።

ስብሰባው ላይ ሂሩት አቶ ሰለሞንን አላዋረደቻቸውም። «አሳብዎ ትክክል ነው፤ አድልዎ የሌለበት መንገድ ነው የፈለጉት» አለቻቸው። «ይህ ምርመራ የሚያየው እጅግ ከብዙው ውስጥ ጥቂቱን ነው። አንዱ ስለ ጡንቻ ነው፤ እውነተኛ ነገር ነው፣ ውሸት አይደለም። ብዙ ሺህ ሰው አሰልፈው ቢያዩ በአጭር ሯጮችና በሌላው መሐል ትንሽ ልዩነት ያሳይዎት ይሆናል። አንዲትን ልጅ ፊትዎ አቁመው ግን ምን ትሆን እንደሆነ አይነግርዎትም።»

«ይኼ እንዴት ይታወቃል?» አሉ አቶ ሰለሞን። ተከራክረው አይደለም፣ ማወቅ ፈልገው ነው። ከዚያም «እንግዲያውስ የታወቁትን ሯጮቻችንን እናስመርምር። የሚሮጡትን አስቀድመን የምናውቃቸውን» አሉ። አሳቡ የራሳቸው ነበር፤ ክብሩም የራሳቸው ይሁን።

ተመረመሩ። ውጤቱ ዝብርቅርቅ ያለ ሆነ። ብርቄ የምትባል፣ የክለባችን ኩራት የሆነች ማራቶን ሯጭ አለችን፤ እሷ «የፍጥነት ዓይነት» ሆና ተገኘች። አቶ ሰለሞን ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አደራ ብርቄን እንዳታባርሯት» አለች ሂሩት።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። «እንግዲህ እንደ ድሮው ማሯሯጥ ነው» አሉ። አጁሉ ቦታዋን አላጣችም፤ ከሌሎቹ እኩል በውድድር ትለይ ተባለ።

የምሥራቹን ይዤ ሮጥኩ። አጁሉ ሰማችኝና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ብርቄ እኮ ደገኛ ናት» አለች። ቢሮውን ያሸነፈው ማስረጃ እሷ ልብ ውስጥ አልገባም። ከልጅነቷ ጀምሮ መንገድ ላይ ሲነገራት የኖረውን አንድ ስብሰባ አይፍቀውም።

እንግዲህ ወሬ ትቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ። መሰናክል ላይ ትልቁ ነገር የውሃው ጉድጓድ ነው። ብዙዎች ከፍ ብለው ይዘላሉ፤ ከፍ ያለ ሰው ሲወርድ ጥልቁ ላይ ያርፋል፣ ውሃው ይይዘዋል። ጥበቡ እንጨቱን በእግር ጣት ሥር ረግጦ ወደ ፊት መግፋት፣ ውሃው ከሳሳበት ጠርዝ በአንድ እግር ማረፍና ሳይቆሙ መሄድ ነው። አጁሉ ከፍ ትል ነበር። ከየካ ሚካኤል በላይ መንገድ ላይ የወደቀ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አለ፤ በዚያ ላይ ደጋግማ እንድትሸጋገር አደረግኳት። «ወደ ሰማይ አይደለም፣ ወደ ኮተቤ!» እያልኩ። ስትበሳጭ ታለቅሳለች፣ አልቅሳ ትመለሳለች። ሰውነቷ ይሠራ ነበር፤ ዳገቱ መካከል ላይ ግን አሁንም ያቺ መቆም አለች።

ብርቄን ለመንኳት፤ አንድ ጠዋት አብራት ወጣች። እኔ ከላይ፣ እንጦጦ ማርያም መዳረሻ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲመጡ ኮቴያቸውን ሰማሁ፤ ጎን ለጎን ናቸው። አጁሉ የምትቆምበትን ቦታ አልፋዋለች፣ አላወቀችውም። ድንገት የብርቄ ድምፅ ከታች ተሰማ፤ ትንፋሽ እየቆራረጣት።

«አንቺ ልጅ! ኧረ ቀስ በይ! እኔ እኮ የፍጥነት ዓይነት ነኝ!»

አጁሉ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እየሳቀች መሮጥ ስላልቻለች ዳር ይዛ ጎንበስ አለች፤ ብርቄም እላይዋ ላይ ተደግፋ ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ በዚያ ጫካ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲያ አጁሉ ዳገቱ ላይ አልቆመችም። የዶክተሯን ማስረጃ ብርቄ በቀልድ አድርጋ ነው ያዋጠቻት።

እኔ ጡረታ የወጣሁት የአገር ቡድን ከሚመረጥበት ውድድር ጥቂት ወራት ቀደም ብዬ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ስታዲየም ገብቼ ተመልካች መሐል ተቀመጥኩ። ሰዓት የለኝ፣ ፊሽካ የለኝ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

አጁሉ ለረጅም ጊዜ ከመሪዎቹ ኋላ ተደብቃ ሄደች። የመጨረሻው የውሃ ጉድጓድ ላይ ከፊቷ የነበሩት ሁለት ልጆች ከፍ ብለው ወጡ፤ እሷ ግን እንጨቱን ረግጣ ወደ ፊት ተወነጨፈች። ውሃው ጠርዝ ላይ አንዴ ነክታ ሄደች። አንዷን እዚያው አለፈቻት፤ ሌላዋን ልትደርስባት ጥቂት ሲቀራት መስመሩ መጣ። ሁለተኛ ሆነች። ለአገር ቡድን ተመረጠች። እኔ መቀመጫዬ ላይ ቆሜ የጮህኩት ጩኸት እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንደኛው ጓደኛውን ትከሻውን መታ አድርጎ «አላልኩህም?» አለው። «የነሱ ዘር እግር ነው! ለመዝለል የተፈጠሩ ናቸው። ደማቸው ውስጥ ነው!»

ዞሬ አየሁት። ደስ ብሎታል፤ ክፋት የለበትም። ትናንት ደሟ አይችልም ብሎ ሊያስቀራት የነበረው ዓለም ዛሬ ደሟ ነው ያሸነፈው ሊል እንደተዘጋጀ ያኔ ገባኝ። ሳቄ መጣ። ልመልስለት ፈልጌ ነበር፤ ሰውየው ግን ማጨብጨብ ላይ ነበር፣ ተውኩት።

ከታች፣ መውጫው በር ላይ አጁሉን አገኘኋት። ጫማዋ ውሃ እየተፋ ነው። አቅፋኝ አረጠበችኝ። የሰውየውን ወሬ ነገርኳት፤ ትናደድ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ። አልተናደደችም። ጎንበስ ብላ የሩጫ ጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች ትንሽ አሰበች።

«እውነቱን ነው» አለችኝ። «ቁመቱን እናቴ ናት የሰጠችኝ።»

ቀና አለችና በጣቷ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው አመለከተች።

«እንጦጦን የወጣሁት ግን እኔ ነኝ።»